ተምሳሌታዊ ልብወለድን ከእውነተኛ አብዮት ጋር ማዛመድ፦ ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ነው የሚመጣልኝ። «አኒማል ፋርም ላይ ያለው ናፖሊዮን ማን ነው?» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «መንግሥቱ ኃይለማርያም አይደል እንዴ?» አንዱ የቤት ሥራ ተሰጥቶት ይጠይቃል፣ ሌላው ለንባብ ክበብ ሊዘጋጅ። በአንድ ስም መመለስ ቀላል ነው፤ የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ስታሊን ነው። ግን ስሙን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ቀጣዩን መጽሐፍ ሲያነብ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሥራውን ራሳችሁ እንድትሠሩት አካሄዱን ጻፍኩት።

ለምሳሌ የምጠቀመው የጆርጅ ኦርዌልን «አኒማል ፋርም» እና የሩሲያን አብዮት ነው። ደራሲው ስለ ምን እንደጻፈ ራሱ ስለተናገረ መልሳችሁን ማመሳከር ትችላላችሁ። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ጥንቃቄ፦ መጨረሻውን ጨምሮ ታሪኩን እገልጣለሁ። ያላነበባችሁት አንብባችሁ ተመለሱ። አሥር ምዕራፍ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መጽሐፉ ራሱ። ማጠቃለያም ሆነ ፊልም አይተካውም። በትርጉም ብታነቡት ችግር የለውም፤ ብቻ ምዕራፍ ያልተቆረጠበት ይሁን።
- ስለ አብዮቱ የተጻፈ አንድ የታሪክ መጽሐፍ። ካጣችሁ ቢያንስ ቀን ያለው የክስተቶች ዝርዝር።
- ደብተር። ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉት፦ «በመጽሐፉ»፣ «በታሪክ»፣ «የማይገጥመው» እና «የሚያስታውሰኝ»። አራተኛውን ዓምድ እስከ ደረጃ 8 ድረስ አትንኩት።
- እርሳስና ላጲስ። ብዙ ትሰርዛላችሁ።
- የቀን መቀየሪያ። ስልካችሁ ላይ ያለው ይበቃል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሰሙን ብቻ አንብቡ

በመጀመሪያው ንባብ ሩሲያ የለችም፣ ስታሊንም የለም። ያለው እርሻ፣ አሳማ፣ ፈረስና ዶሮ ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ ስትጨርሱ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ማን ምን ፈለገ? ማን አተረፈ? ማን ከፈለ?

ለምሳሌ ምዕራፍ 5 እንዲህ ይሆናል። ስኖውቦል የተባለው አሳማ የነፋስ ወፍጮ እንሥራ አለ። ሌላው አሳማ ናፖሊዮን ተቃወመ። እንስሳቱ ድምፅ ሊሰጡ ሲሉ ናፖሊዮን በድብቅ ያሳደጋቸውን ዘጠኝ ውሾች ለቀቀና ስኖውቦልን አባረረው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወፍጮው ይሠራል ተባለ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? መልሱን ይዞ የገባ አንባቢ የሚገጥመውን ብቻ ያያል፤ የቀረውን ዘሎት ያልፋል። ብዙ ሰው የሚዘለው የወተቱን ነገር ነው። አመፁ በተሳካ ማግሥት አምስት ባልዲ ወተት ይታለባል። ማታ ሲመለሱ ወተቱ የለም። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ቆይቶ የአሳማዎቹ መኖ ውስጥ እየገባ እንደሆነ ይታወቃል፤ ፖሙም ተከተለ። ሰይፍ የለ፣ ደም የለ፣ ስለዚህ ዓይን አይስብም። ኦርዌል ግን ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ነው ብሏል።

ደረጃ 2፦ የጊዜ ድንበር አስምሩ

መጽሐፉ መቼ ተጻፈ? መቼ ታተመ? ሁለቱን ቀኖች ከገጹ አናት ላይ ጻፉ። «አኒማል ፋርም» የተጻፈው ከ1943 መጨረሻ እስከ 1944 መጀመሪያ ባሉት ወራት ነው። የታተመው ኦገስት 17 ቀን 1945 ለንደን ውስጥ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 11 ቀን 1937 ዓ.ም.።

ከዚህ ድንበር በኋላ የሆነ ነገር የደራሲው ዒላማ ሊሆን አይችልም። ነገሩ ግልጽ ይመስላል አይደል? ሆኖም ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ደርግ የተቋቋመው መጽሐፉ ከታተመ ከ29 ዓመት በኋላ ነው። ናፖሊዮን መንግሥቱን «ሊመስል» ይችላል፤ መንግሥቱን «ሊወክል» ግን አይችልም። የሁለቱ ልዩነት ለአራተኛው ዓምድ ይቆየን።

በአገራችን መጽሐፍ ላይም ይኸው ሕግ ይሠራል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ከጀርባው መፈለግ ያስኬዳል። ሁለተኛውን ፈልጋችሁ «ትንቢት» ብትሉት ግን ማዛመድ ሳይሆን ሌላ ሥራ ጀምራችኋል።

ደራሲው ራሱ የተናገረው ካለም እዚሁ መዝግቡት። ኦርዌል በ1947 ለወጣው የዩክሬንኛ እትም መግቢያ ጽፎ ነበር። ክስተቶቹን ከሩሲያ አብዮት እንደወሰደ፣ ግን አቅልሎ እንዳቀረባቸውና ቅደም ተከተላቸውንም እንደቀየረ በግልጽ ተናግሯል። ይህች አንድ መረጃ ደረጃ 6 ላይ ብዙ ንትርክ ታስቀርላችኋለች።

ደረጃ 3፦ የአብዮቱን የቀን መስመር አዘጋጁ

ከ12 እስከ 15 ክስተት ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ማንኛውም ነገር ከማንኛውም ነገር ጋር መግጠም ይጀምራል። ለሩሲያ የእኔ ዝርዝር ይህ ነው፦

- ማርች 1917፦ ዛር ኒኮላስ 2ኛ ዙፋኑን ለቀቀ፤ ጊዜያዊ መንግሥት ተቋቋመ።
- ኖቬምበር 1917፦ በሌኒን የሚመሩት ቦልሼቪኮች ሥልጣን ያዙ።
- ዲሴምበር 1917፦ ቼካ የተባለው የፖለቲካ ፖሊስ ተቋቋመ።
- 1918–1920፦ የእርስ በርስ ጦርነት። የውጭ ጦር ጣልቃ ገባ፤ ከቦልሼቪክ መሪዎች አንዱ የሆነው ትሮትስኪ ቀይ ጦርን መራ።
- ማርች 1921፦ የክሮንስታት መርከበኞች አመፁ፤ በኃይል ተደመሰሱ።
- ጃንዋሪ 1924፦ ሌኒን ሞተ።
- 1927–1929፦ ትሮትስኪ ከፓርቲው ተባረረ፣ ተጋዘ፣ በመጨረሻም ከአገር ወጣ።
- 1928፦ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ተጀመረ።
- ከ1929 ጀምሮ፦ ገበሬው በግድ ወደ ጋራ እርሻ ገባ። በ1932 እና 33 ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ።
- 1936–1938፦ የሞስኮ ችሎቶች፤ ነባር የፓርቲ መሪዎች በአደባባይ «ተናዘው» ተገደሉ።
- ኦገስት 23 ቀን 1939፦ ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ላለመጠቃቃት ተፈራረሙ።
- ጁን 22 ቀን 1941፦ ጀርመን ወረረች።
- ኖቬምበር–ዲሴምበር 1943፦ የቴህራን ጉባኤ፤ ስታሊን፣ ቸርችልና ሩዝቬልት ተገናኙ።

ጥንቃቄ፦ የቀን አቆጣጠሩ ያምታታል። «የጥቅምት አብዮት» የሚባለው በአሮጌው የሩሲያ አቆጣጠር ኦክቶበር 25፣ በአዲሱ ኖቬምበር 7፣ በእኛ ደግሞ ጥቅምት 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው። «የየካቲት አብዮት» የሚባለውም በአዲሱ አቆጣጠር ማርች ላይ ይውላል። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ካልቀየራችሁ አንዱን ክስተት ሁለት ጊዜ ትመዘግባላችሁ፤ ወይም በሰባትና በስምንት ዓመት ትስታላችሁ።

ደረጃ 4፦ ክስተትን ከክስተት አዛምዱ፤ ስም ይቆይ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት።

ሰው ሁሉ «ማን ማን ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እናንተ «ምን ሆነ?» ብላችሁ ጀምሩ። ጨካኝ መሪ በየአገሩ ስላለ ገጸ ባሕርይ ከብዙ ሰው ጋር ይገጥማል። የክስተቶች ሰንሰለት ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገጥምም።

ለእያንዳንዱ ጥንድ ሦስት ነገር ጠይቁ። መነሻው ይመሳሰላል? የተጠቀመው ወገን ይመሳሰላል? ውጤቱ ይመሳሰላል? ቢያንስ ሁለቱ ካልገጠሙ ሰርዙት።

በዶሮዎቹ እንሞክረው። ምዕራፍ 7 ላይ ናፖሊዮን በሳምንት 400 እንቁላል ለውጭ ሽያጭ እንዲቀርብ ያዝዛል። ዶሮዎቹ እምቢ ብለው እንቁላላቸውን ከላይ እየጣሉ ይሰብራሉ። መኖ ተከለከሉ፤ ዘጠኝ ሞቱ፤ የቀሩት እጅ ሰጡ። አሁን ወደ ቀን መስመራችሁ ሂዱ። የሶቪየት ገበሬዎች ከብታቸውን ለጋራ እርሻ ከማስረከብ አርደው መጨረስን መርጠው ነበር። መንግሥት እህል ወሰደ፤ ረሃብ ገባ። መነሻው ንብረትን በግድ መውሰድ ነው። ተጠቃሚው የበላዩ አካል ነው። ውጤቱ በረሃብ መንበርከክ ነው። ሦስቱም ገጠሙ።

ሁለተኛው የእንጨቱ ሽያጭ ነው። ናፖሊዮን ክምር እንጨቱን ለማን ልሽጥ እያለ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ሲዋልል ይቆያል። አንድ ሰሞን ፍሬድሪክ ጠላት ነው፣ ፒልኪንግተን ወዳጅ። ድንገት ይገለበጥና እንጨቱ ለፍሬድሪክ ይሸጣል። የተከፈለው ብር ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል። ወዲያው ፍሬድሪክ ያጠቃል፤ ወፍጮውንም በባሩድ ያፈርሰዋል። የ1939ኙ ስምምነትና የ1941ዱ ወረራ ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል። ልብ በሉ፣ ፍሬድሪክ ሂትለር ነው ሳንል ነው እዚህ የደረስነው።

በዚሁ ውጊያ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል አትለፏት። ወፍጮው ሲፈነዳ «ከናፖሊዮን በስተቀር» ሁሉም መሬት ላይ ይተኛሉ። በረቂቁ ላይ ናፖሊዮንም ከተኙት ጋር ነበር። ኦርዌል መጽሐፉ ሊታተም ሲል አስለወጣት፤ ምክንያቱም ጀርመኖች ሲቃረቡ ስታሊን ሞስኮን ለቅቆ አልሄደም። በጣም የሚጠላው ሰው ላይ እንኳ ያልሆነውን ሊጽፍበት አልፈለገም። ደራሲ እስከዚህ ድረስ ከተጠነቀቀ እኛም ማዛመዱን በችኮላ ማበላሸት የለብንም።

የቀሩትን በራሳችሁ ሞክሩ። የላም በረቱን ውጊያ፣ የስኖውቦልን መባረር፣ በውሾቹ ፊት የተናዘዙትን አራት አሳማዎች፣ የመጨረሻውን የካርታ ጨዋታ። ፍንጭ ለመጨረሻው፦ ኦርዌል መጽሐፉን የጨረሰው የቴህራን ጉባኤ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ደረጃ 5፦ አሁን ገጸ ባሕርያቱን ስም ስጡ

ክስተቶቹ ከተዛመዱ ስሙ ራሱ ይመጣል። ብቻ ሁሉም ገጸ ባሕርይ ሰው እንዳልሆነ እወቁ። በሦስት ክፈሏቸው።

ግለሰብ የሚወክሉ አሉ። ናፖሊዮን ስታሊን፣ ስኖውቦል ትሮትስኪ፣ የእርሻው ባለቤት ሚስተር ጆንስ ዛሩ።

መደብ የሚወክሉ አሉ። ቦክሰር የተባለው ፈረስ ሠራተኛው ሕዝብ ነው፤ ሪባንና ስኳር የምትወደው ሞሊ ደግሞ አብዮቱን ሸሽቶ የወጣው ባለጸጋ ናት። ለቦክሰር የአንድ ሰው ስም ስትፈልጉ ካመሻችሁ ተዉት።

ተቋም የሚወክሉም አሉ። ውሾቹ የፖለቲካ ፖሊሱ ናቸው። ስኩዊለር የተባለው አሳማ ፕሮፓጋንዳው ነው። ስለ ሰማዩ የስኳር ተራራ የሚሰብከው ሞሰስ የተባለው ቁራ ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ቁራው መጀመሪያ ይጠፋና ምዕራፍ 9 ላይ ይመለሳል፤ አሳማዎቹም ቢራ ይሰፍሩለታል። ስታሊን በጦርነቱ መካከል፣ በ1943፣ ከቤተ ክርስቲያኗ መሪዎች ጋር ተገናኝቶ ፓትርያርክ እንዲመረጥ ፈቅዶ ነበር።

አንድ ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው ሊሸከም ይችላል። ሕልሙን ተናግሮ የሚሞተው ሽማግሌ አሳማ ሐሳቡ የማርክስ ነው፤ ከሞተ በኋላ የራስ ቅሉ ለሰላምታ ጉቶ ላይ መቀመጡ ግን ሌኒንን ያመጣል። ሁለቱንም ጻፉ።

ደረጃ 6፦ የማይገጥመውን መዝግቡ

ይህን ዓምድ ባዶ አድርጎ የሚያመጣልኝን ሰው ሥራ አላምነውም። ሁሉም ነገር ከገጠመ የሆነ ቦታ ላይ ጎትታችሁታል ማለት ነው።

ለምሳሌ ጊዜያዊ መንግሥቱ የት አለ? የለም። በእርሻው አንድ አመፅ ብቻ ነው ያለው፤ በሩሲያ ግን ዛሩን የጣለው ሕዝባዊ አመፅና ቦልሼቪኮች ሥልጣን የያዙበት ቀን ስምንት ወር ያህል ይራራቃሉ። ሌኒንስ? በሕይወት ሆኖ የሚመራ ሌኒን እርሻው ውስጥ የለም። በዚህ የተነሳ ስኖውቦልና ናፖሊዮን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ።

እያንዳንዱን ክፍተት ስታገኙ «ይህ በመቅረቱ ታሪኩ ምን አተረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌኒን ከታሪኩ ባይቀር ኖሮ ጥፋቱ ከማን ጀመረ የሚለው ክርክር ወተቱን ይሸፍነው ነበር ብዬ አስባለሁ። እናንተ ሌላ መልስ ሊኖራችሁ ይችላል። ብቻ ባዶ አትተዉት።

ደረጃ 7፦ የቃላቱን ለውጥ ተከታተሉ

የአብዮት ተምሳሌት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መፈክር ወይም ሕግ አለ። መጀመሪያ እንዴት ተጻፈ? መጨረሻ ላይስ? ሁለቱን ጎን ለጎን ቅዱ፤ መቼ እንደተቀየረና ማን እንደተጠቀመም ጨምሩ።

በእርሻው ግድግዳ ላይ ሰባት ሕግጋት ተጽፈዋል። አልጋ ላይ መተኛት ክልክል ነበር፤ አሳማዎቹ ቤት ሲገቡ «ከነአንሶላው» የሚል ታከለበት። እንስሳ እንስሳን መግደል ክልክል ነበር፤ ከግድያው በኋላ «ያለ ምክንያት» ታከለ። እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ሕጉ አይሰረዝም፣ ይቀጠልበታል እንጂ። ለውጡም ሁልጊዜ የሚመጣው ከድርጊቱ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ካልመዘገባችሁ አሳማዎቹ ሕግ ያወጡ ይመስላችኋል፤ የሚያደርጉት ግን የሠሩትን ማስተካከል ነው።

ደረጃ 8፦ አሁን አራተኛውን ዓምድ ክፈቱ

«የሚያስታውሰኝ» የሚለው ዓምድ የአንባቢው ነው፤ ለደራሲው አይሰጥም። የኢትዮጵያ አብዮት መግባት ያለበት እዚህ ነው። እዚህ ላይ ነፃ ናችሁ፤ መለኪያው ግን ያው የደረጃ 4 ሦስት ጥያቄ ነው።

የሚገጥም ምሳሌ፦ የ1966 ዓ.ም. መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ የመፈክሩ ሁለተኛ አጋማሽ ምን ሆነ? ይህን ከግድያው ሕግ አጠገብ አስቀምጡት።

የማይገጥም ምሳሌ፦ በደርግ ውስጥ ስኖውቦል ማን ነው? ብዙዎች ተፈሪ በንቲን ይጠሩልኛል። ጀነራሉ ግን ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ተገደሉ። ስኖውቦል አምልጦ ሄዷል፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ወፍጮው በወደቀ፣ ቁልፍ በጠፋ ቁጥር በስሙ ይሳበባል። ለዚህ ደግሞ በሕይወት ያለ፣ ዓይን የማያየው ጠላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማባረሩና ግድያው «ተቀናቃኝን ማስወገድ» በሚለው ብቻ ይገናኛሉ። ከሦስቱ አንድ። ሰርዙት።

ሌላም አለ። በእርሻው አሳማዎቹ ከአመፁ በፊት ጀምረው መሪዎች ናቸው። በ1966 ዓ.ም. ግን ተማሪው፣ መምህሩ፣ ታክሲ ነጂው መንገድ ላይ ወጥቶ፣ ሥልጣኑን የወሰደው ወታደሩ ነው።

ጥንቃቄ፦ በዚህ ዓምድ ውስጥ የዛሬ ሰው ስም ለመጻፍ እጃችሁ ይበላችኋል። ለራሳችሁ ደብተር ከሆነ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ለክፍል ወይም ለክበብ የምታቀርቡት ከሆነ ግን ያለቀ ክስተት ምረጡ። አለበለዚያ ውይይቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጽሐፉን ይረሳዋል።

ደረጃ 9፦ በዓረፍተ ነገር ጻፉት

ሰንጠረዥ ብቻ አታቅርቡ። እያንዳንዱን ጥንድ በዚህ ቅርጽ ጻፉ፦ «በመጽሐፉ እንዲህ የሆነው በታሪክ እንዲህ ከሆነው ጋር ይዛመዳል፤ ምክንያቱም… ነገር ግን በዚህ ይለያል…»። «ነገር ግን» ብላችሁ የምትቀጥሉት ካጣችሁ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

የተለመዱ ስህተቶች

ልብወለዱን እንደ ታሪክ ማስረጃ መጥቀስ። «ትሮትስኪ ጀግና እንደነበር አኒማል ፋርም ያሳያል» አይባልም። መጽሐፉ የሚያሳየው ኦርዌል እንዴት እንዳየው ነው።

«አብዮት ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ መደምደም። ኦርዌል ሶሻሊስት ነበር። በዚያው ስለ ወተቱ በጻፈበት ደብዳቤ፣ ሕዝቡ ነቅቶ ሲጠብቅና ሥራቸውን የጨረሱ መሪዎችን ማውረድ ሲያውቅበት አብዮት ለውጥ ያመጣል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ካልተስማማችሁ ተከራከሩት፤ ያላለውን ግን አታስብሉት።

ስም የተቀየረበትን ልብወለድ ከተምሳሌት ጋር ማምታታት። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አስመራ ውስጥ፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ፣ ሰዎችን ሰው አድርጎ የሚተርክ ነው። እዚያ «ይህ ገጸ ባሕርይ ማን ነው?» ብሎ መጀመር ተገቢ ነው፤ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል አይሠራበትም።

አልገጥም ያለውን ገጸ ባሕርይ በግድ ማስገባት። ቤንጃሚን የተባለው አህያ ማን ነው? ማንበብ ይችላል፣ ሁሉን ያውቃል፣ ዝም ይላል። ምሁሩ ነው የሚሉ አሉ፣ ራሱ ደራሲው ነው የሚሉም አሉ። ከቀን መስመሩ ላይ ግን የሚያስረዳልኝ ክስተት አላገኘሁለትም። በእኔ ደብተር ላይ «በታሪክ» የሚለው ሳጥኑ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ብቻ አለ። እናንተም እንደዚያው ተዉት።